በበለሱ ወገብ ላይ የታሰረው ክር

አንድ ሰው ነበረ፤ ሙያው ሽመና፣ ሐሳቡ ሚስቱ፣ ተስፋው ደግሞ በጓሮው የበቀለች አንዲት በለስ።

ታሪኩን እንዲህ ብለው የጀመሩት አንድ ሽማግሌ መሪጌታ ናቸው። ይታክቱ የምትባል ሴት ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ሥር ድንጋይ ላይ ተቀምጠው አገኘቻቸው። እህቷ ባሏን ከቀበረች ዓመት ሊሞላት ጥቂት ቀርቷል። «የኔታ» አለቻቸው፣ «በየቀኑ ጠዋት ተሻለሽ ወይ እላታለሁ። ምንም ለውጥ የለም። ይህ ሐዘን መቼ ነው የሚለቃት? ምን ባደርግላት ነው የሚያልቀው?»  መሪጌታው ግን ስለ እህቷ አንድም ቃል ሳይናገሩ ስለ ሸማኔውና ስለ በለሱ ቀጠሉ።

በለስ ሲባል ያ እሾሃሙ፣ ሰው በጥንቃቄ እየላጠ የሚበላው አይደለም። ይህኛው ደህና ዛፍ ነው። ቅጠሉ እንደተዘረጋ መዳፍ ሰፊ ሆኖ ጣት ጣት ያወጣል፤ ሲቀነጠስ ነጭ ወተት ያፈሳል። አበባው ለዓይን አይታይም፤ የሚያብበው በፍሬው ሆድ ውስጥ ነውና። ሌላው ዛፍ አበባውን አሳይቶ «ቆዩኝ፣ እየመጣሁ ነው» ይላል። በለስ ግን ምንም ሳይናገር ይከርምና አንድ ቀን ጠዋት ከቅጠሉ ብብት ሥር ዶቃ የምታክል ነገር አውጥቶ ይገኛል። ለተጨናቂ ሰው የሚሆን ዛፍ አይደለም።

ሸማኔው ደግሞ ተጨናቂ ነበር። ዱሮ እንዲህ አልነበረም። መወርወሪያውን እየወረወረ የሚያፏጭ፣ ድሩ ቢበጠስ እየቀለደ የሚቀጥል ሰው ነበር። አንድ ዓመት ሚያዝያ ሲጋመስ ሚስቱ በትኩሳት ወደቀች። ጎረቤቶቹ በቃሬዛ ተሸክመው፣ እየተቀባበሉ፣ የግማሽ ቀን መንገድ ሄደው ሐኪም ቤት አደረሷት። ነፍሷ ተረፈች። ሥጋዋን ግን በሽታው ወስዶት ነበር፤ ወደ ቤቷ ስትመለስ ክንዷ ማግ የሚጠቀለልበትን የቀሰም እንጨት አክሎ ነበር።

የግንቦት ልደታ ዕለት የሰፈሩ ሰው እንደ ልማዱ ደጅ ወጥቶ ንፍሮውን ቀቀለ። የዚያን ቀን ስለት ያለበት ያገባል፣ ሌላው ደግሞ ለከርሞ ይሳላል። ሸማኔው ከመካከል ተነሣ። «ሚስቴ ለዓመቱ በእግሯ ቆማ ከደረሰች» አለ፣ «የጓሮዬን በለስ ለተሸከማችኋት ሁሉ እዚሁ ቦታ ላይ አቀምሳለሁ።» ሰዉም «ስለትህ ይስመር!» አለው።

ተመልሶ ከተቀመጠ በኋላ ነው ነገሩ የገባው። በለሷ እስከዚያ ቀን ድረስ አንድም ፍሬ አፍርታ አታውቅም። ለምን በግ አላልኩም? ለምን ጥላ፣ ለምን ሻማ አላልኩም? ከአፉ ወጥቷል። ባያፈራስ? ያልገባ ስለት ደግሞ ዝም ብሎ አይቀርም ብሎ ያምናል። በሽታው በሄደበት መንገድ ተመልሶ የሚመጣ፣ የተባለውን አጥቶ ሚስቱን የሚወስድ መሰለው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ማፏጨቱን ተወ።

መስከረም ሲጠባ አንድ ቀይ ክር ወሰደና በሚስቱ ቀኝ እጅ አንጓ ላይ ላላ አድርጎ አሰረላት። በየእሑዱ ጠዋት ጣቱን ከክሩ ሥር እያስገባ ይፈትሻል።

«ምን እያደረግህ ነው?» አለችው።

«ሥጋሽ መመለሱን ነው የማየው።»

«እኔ ጥጥ ነኝ እንዴ የምትለካኝ?»

ሁለት ጣት ይገባ ነበር። በሚቀጥለው እሑድም ሁለት ጣት። «ዛሬም ሁለት» ይልና ፊቱ ይጠቁራል። እሷም ፊቱን አይታ፣ አንስታ የነበረውን ጉርሻ መልሳ ታስቀምጠዋለች። እሱ ይህን አያይም። የሚያየው ክሩን ነው። በወር ውስጥ፣ በሁለት ወር ውስጥ፣ ገና አልፎ ጥምቀት አልፎ፣ ሁለት ጣት እንደሆነ ቀረ።

የካቲት ላይ በለሷ አፈራች። ሸማኔው የሚተክለውን የበለስ ቅርንጫፍ ወደሰጠው ሽማግሌ አትክልተኛ እየሮጠ ሄደ።

«ስንት ናቸው?» አለ ሽማግሌው።

«ሠላሳ ስምንት።»

«ቆጠርካቸው?»

«በየቀኑ።»

«ታዲያ በየቀኑ ሠላሳ ስምንት ናቸው?»

«ናቸው።»

«እንግዲያ አንዴ መቁጠር ይበቃህ ነበር።»

ሸማኔው አልሳቀም። ሁሉም አንድ መጠን እንዲሆኑ፣ ሁሉም ለልደታ እንዲደርሱ ምን ማድረግ እንዳለበት ጠየቀ። ሽማግሌው መቆፈሪያውን አስቀምጦ አስረዳው።

«አንድ አይሆኑም። ልፋ ብሎህ ነው። በአምናው እንጨት ላይ የወጣው ይገዝፍልሃል፣ ሲበላ ግን ውሃ ውሃ ይላል። ግድግዳው ሥር ፀሐይ ሲመታው የሚውለው አነስ ይላል፤ እሱን ብትቀምስ ማር ነው። ከጥላ ውስጥ ያለው ዘግይቶ ይደርሳል። ልታሳብጠው ብለህ ውሃ ያበዛህበት እንደሆነ ያብጣል፣ ጣዕሙ ግን ይቀጥናል። በአንድ ዛፍ ላይ ሆነው እንዲህ ናቸው። ደግሞ ዋናውን ስማኝ። አውራ ጣት ሲያክል ይቆማል። አንድ ወር፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ፍንክች አይልም። የሞተ ይመስልሃል፤ አልሞተም። ሲነሣ በሦስት በአራት ቀን ነው። ያብጣል፣ ይለሰልሳል፣ አንገቱን ይደፋል። አንገቱን ሳይደፋ ብትቆርጠው ቤት ውስጥ ይበስልልኛል ብለህ እንዳታስብ፤ ሙዝ አይደለም።»

«በዚያ አንድ ወር ውስጥ እኔ ምን ልሥራ?»

«ሽመናህን።»

መጋቢት ገባ፤ ሽማግሌው እንዳለው ፍሬዎቹ አውራ ጣት አክለው ቆሙ። ለሸማኔው የተነገረው ሁሉ አንድም ሳይቀር ትዝ ይለዋል፤ ልቡ ግን አላመነውም። ጠዋት ሲያያቸው የትናንቶቹ ናቸው። ማታ ሲያያቸው የጠዋቶቹ ናቸው። «እያደጉ እንደሆነስ በምን አውቃለሁ?» አለ። ዓይን ያታልላል፤ ሸማኔ የሚያምነው ክሩን ነው። ስለዚህ ከድሩ ላይ ነጭ ክር ቆርጦ በእያንዳንዷ ፍሬ ወገብ ላይ ልክክ አድርጎ አሰረ። ብታድግ ክሩ ይጠብቃል፣ ያኔ አውቃለሁ ብሎ ነው። የሸማኔ ቋጠሮ ደግሞ የዋዛ አይደለም፤ በጥርስ ካልሆነ አይፈታም። ቀኑን ሙሉ መሰላል ላይ ሲወጣና ሲወርድ ዋለ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ሽመናውን ትቶ ሥራው ክር መንካት ሆነ። እግሩን አስገብቶ ከሚሸምንበት ጉድጓድ ይወጣል፣ በጣቱ ጫፍ አንዱን ክር ያንሸራትታል፣ ይመለሳል። ሁለት ጊዜ ወርውሮ እንደገና ይወጣል። ሐሳቡ ሁሉ ወደ ጓሮ ስለዞረ የሚስቱን አንጓ መፈተሹን ረሳው። እሑድ መጥቶ ይሄዳል፤ እሱ ዛፉ ሥር ነው። ቀዩ ክር እንደታሰረ ቀረ።

አንድ ቀን ጭንቀቱ ጠናበትና ከሁሉ የምትተልቀውን ፍሬ ቀጠፈ። ይህችን ያህል ከተለቀች ሳትበስል አትቀርም ብሎ ነው። ነከሳት። ውስጧ የረጠበ ባዘቶ ይመስላል፣ ጣዕም የሚባል የላትም፤ ወተቷ ከንፈሩን አቃጠለው። በማግሥቱ ከንፈሩ አብጦ ሲወጣ ጎረቤቱ እትዬ አስካል በአጥር ላይ አየችው።

«ምነው ከንፈርህ? ንብ ሳመችህ እንዴ?»

«በለስ ነው።»

«ለኛ ልታቀምሰን ያሰብከው ይሄንኑ ነው? እንግዲያ ለልደታ ሁላችንም አፋችን አብጦ ዝም እንላለን። ለሰፈሩ ሰላም ነው!»

እሷ እየሳቀች ገባች። እሱ ግን ተመልሶ ወደ ክሮቹ ሄደ። ትልቋ እንዲህ ከሆነች ትናንሾቹ ምን ሊሆኑ ነው? ሚያዝያም ተጋመሰ። ክሮቹ ትናንት እንዳሉት ናቸው።

ልደታ ሊደርስ ዘጠኝ ቀን ሲቀረው ለሠርግ የታዘዘ ጋቢ ወደ ከተማ ማድረስ ነበረበት። ዛሬ ሄጄ ነገ እመለሳለሁ ብሎ ወጣ። ያዘዘችው ሴትዮ ግን ጥለቱ አልጣማትም፤ እዚያው ተቀምጦ ፈትቶ እንዲያስተካክል አደረገችው። አራት ቀን ቆየ። እጁ ጥለቱ ላይ ነው እንጂ ልቡ ጓሮው ነበር። ወፍ ይመጣል፣ ጉንዳን ይመጣል፣ ንፋስ ይመጣል፤ ማን ይነካካቸዋል? ማን ያያቸዋል? ሚስቱ እንደሆነች ከበሩ ደፍ አታልፍም።

በአራተኛው ቀን እኩለ ቀን ላይ ደረሰ። በቤቱ በር አልገባም፤ በቀጥታ ወደ ጓሮ ዞረ። መጀመሪያ ያየው መሬቱን ነው። ከዛፉ ሥር ነጫጭ ክር ተበትኗል፤ ብጥስጣሽ፣ ቁርጥራጭ፣ እንደ ትል የተጠማዘዘ። 

«በለሴን ማነው የነካብኝ?» ብሎ ጮኸ።

«እኔ ነኝ» አለች ሚስቱ።

ከግንዱ ወዲያ፣ ጥላው ውስጥ፣ በርጩማ ላይ ተቀምጣለች። መቀሱ ጭኗ ላይ ነው። ፊቷ በላብ ወዝቷል። ሸማኔው በለሱን ረሳ።

«ማን አመጣሽ እዚህ?»

«እግሬ።»

«ከበሩ እስከዚህ ድረስ?»

«በማን እግር ልምጣ ታዲያ? በአንተ እንዳልመጣ ከተማ ነህ።»

ነገሩን ነገረችው። በሄደ በማግሥቱ በጓሮው በር ላይ ሆና ስታይ አንዷ ፍሬ ወይን ጠጅ መልክ ይዛ አብጣለች፤ ክሩ ግን ወገቧን ይዞ አላላውስ ብሏታል። «ቀበቶዋን ያለ ልኳ ያጠበቀች ወፍራም ሴትዮ መሰለችኝ» አለች። ሰው እንዳትልክ ሁሉም ገበያና እርሻ ነው። ግድግዳውን ይዛ ተነሣች። የመጀመሪያው ቀን ሦስት ቆርጣ ደከማትና ተመለሰች። በማግሥቱ ስምንት ቆረጠች። «ዛሬ በርጩማውን ራሴ ተሸክሜ አምጥቼ፣ ላዩ ላይ ቆሜ ነው የቆረጥኩት።»

«በርጩማ ላይ ቆመሽ!»

«የላይኞቹን ግን አልደረስኩባቸውም። እያቸው።»

ቀና ብሎ አየ። ከላይኛው ቅርንጫፍ ላይ ክራቸው ያልተቆረጠው አሥራ አምስት ይሆናሉ። በሦስት ቀን ውስጥ አብጠው ነበር፤ ክሩ ግን ያው ነው። ቆዳቸውን ሰንጥቆ ገብቶ፣ ሥጋቸው ውስጥ ጠፍቷል። ከስንጥቁ የኮመጠጠ ፈሳሽ ይንጠባጠባል፤ ጉንዳን በተርታ ይገባል፣ በተርታ ይወጣል። ሸማኔው አፉን ያዘ። ወፍ አልነካቸውም። ንፋስ አልጣላቸውም። ቋጠሮውን አወቀው፤ የራሱ ቋጠሮ ነው።

«አሁን ይሄንን ደግሞ አንተ ቁረጥልኝ» አለች ሚስቱ፣ ቀኝ እጇን ዘርግታ። «እኔ በግራ እጄ መቀስ አይሆንልኝም።»

ቀዩ ክር ነበር። እንደ ልማዱ ጣቱን ሊያስገባ ሞከረ። ሁለት ጣት አልገባም። አንድም አልገባም። ጥፍሩ እንኳ አልገባም። ክሩ በአንጓዋ ዙሪያ ቀይ መስመር አውጥቶ ሥጋዋ ውስጥ ሰምጧል።

«ከመቼ ወዲህ ነው እንዲህ የሆንሽው?»

«እኔ ምን አውቃለሁ» አለች። «ማየት ከተውክ ወዲህ ነው።»

ሸማኔው መቀሱን ተቀበለ።  ቆዳዋን እንዳይነካ እስትንፋሱን ይዞ፣ የመቀሱን ጫፍ ከክሩ ሥር አሾልኮ ቆረጠው። ክሩ መሬት ላይ ከሌሎቹ ክሮች መካከል ወደቀ። እሷ አንጓዋን አሸት አሸት አደረገችና፣ «ተመስገን፣ ሲያሳክከኝ ነው የከረመው» አለች።

ልደታ ደረሰ። ከተረፉት ውስጥ አንገታቸውን የደፉት አሥራ ሁለት ብቻ ነበሩ፤ ሌሎቹ ገና ጊዜያቸው አልደረሰም። አሥራ ሁለቱም አንድ አይመስሉም። አንዷ የሎሚ ያህል ናት፣ ሌላዋ ከአውራ ጣት ብዙም አትበልጥም። ደጅ የወጣው ሰው ደግሞ ከሠላሳ ይበልጣል። ሸማኔው ጠዋት ከቤት ሲወጣ ዱሮ የሚያውቀው ፍርሃት ያዘው፤ ስለቱ ጎደለ ማለት ነው? እያንዳንዷን ሦስት ቦታ ቆርጠው በራሷ ቅጠል ላይ ደረደሯት።

የትልቋ ቁራጭ የደረሰው ሰው አኝኮ፣ «መልኳ ነው እንጂ ውሃ ናት» አለ። የግድግዳዋ ትንሿ የደረሳት አንዲት አሮጊት ዓይኗን ጨፈነች፤ ሲጠይቋት ጣቷን ትልሳለች። ትልቋን የበላው ሰው ወዲያው ወደ አሮጊቷ ቅጠል ሲያማትር ሰዉ ሳቀበት። ሸማኔው ግን መካከል ላይ ቆሞ ይቅርታ ይጠይቃል። «ብዙ ነበሩ እኮ፤ ሠላሳ ስምንት ነበሩ፤ የኔ ጥፋት ነው...»

«አንተ!» አለች እትዬ አስካል። «አቀምሳለሁ ነው ያልከው፣ አጠግባለሁ ብለህ ነበር? ይልቅ ዞር ብለህ እያት።»

ዞረ። ሚስቱ ቅጠሉን በሁለት እጇ ይዛ ከሰው ወደ ሰው እየዞረች ታድላለች። ቃሬዛውን ተሸክመው ከነበሩት ፊት ደርሳ ጎንበስ ስትል፣ «ኧረ ልጄ፣ ተቀመጪ፣ እኛው እንወስዳለን» ይሏታል፤ እሷ ትስቃለች። ከጠዋት ጀምሮ አልተቀመጠችም። የተሳለው በእግሯ ቆማ ብትደርስ ነበር። ቆማለች። ሸማኔው ማንም ሳይጋብዘው ንፍሮው አጠገብ ሄዶ ተቀመጠ፤ ከብዙ ጊዜ በኋላ በቀስታ ሲያፏጭ የሰሙት አሉ።

መሪጌታው እዚህ ላይ ሲደርሱ ወደ ይታክቱ ዘወር አሉ።

«እንግዲህ ልጄ፣ ያ ሸማኔ ክፉ ሰው አልነበረም። ከመውደዱ ብዛት ነው ያሰረው። አንቺም እንዲሁ ነሽ። ግን በየቀኑ ጠዋት ተሻለሽ ወይ የምትያት፣ ያ ክሩ ነው። አንቺ ስትጠይቂያት እህትሽ ሐዘኗን አውጥታ መለካት አለባት። አልተሻለኝም ስትልሽ ፊትሽ ይጠቁራል፣ እሷም ታየዋለች። ከባሏ ሐዘን ላይ ያንቺን ሐዘን ትደርባለች። ነገ ትንሽ ሣቅ ቢመጣባት እንኳ፣ አሁን ተሻላት ይሉኛል ብላ ትፈራና ትውጠዋለች። ማበጥ ስትጀምር የሚቆርጣት ያ ክር ነው።

«የሰው ሐዘን ደግሞ እንደ በለስ ነው፤ በአንድ ዛፍ ላይም ቢሆን አንድ አይሆንም። አንቺ እናትሽን ስትቀብሪ በስድስት ወር ቀና ብለሽ ይሆናል። እሷ ከጥላው በኩል ናት። ዓመቱን ሙሉ ቆማለች ትያለሽ። ከውጭ ሲታይ ቆማለች። አበባው ያለው ሆዷ ውስጥ ስለሆነ አንቺ አታዪውም፣ እኔም አላየውም። ተያት አልልሽም። አትራቂ። ስትበላ አብረሻት ብዪ፣ ምስር ስትለቅም አብረሻት ልቀሚ፣ ስለ ምስሩ አውሪያት፣ ስለ ጎረቤት አውሪያት። አንገቷን ዘንበል ያደረገች ቀን እጅሽ ቅርብ ይሁን። ያን ቀን ሳትጠይቂያት ታውቂዋለሽ።»

ይታክቱ ነጠላዋን አስተካከለች። የተባለው ገብቷታል፤ ፊቷም ለመጀመሪያ ጊዜ ፈታ ብሏል። ተነሥታ ሁለት እርምጃ ከሄደች በኋላ ግን ተመለሰች።

«የኔታ» አለች፣ «ይህን ሁሉ ሳደርግ... እስከ መቼ ድረስ ነው?»

መሪጌታው ሳቅ አሉ። መቋሚያቸውን አንስተው፣ ጫፉን ወደ እጆቿ ጠቆም አደረጉ።

«አየሽ፣ አሁንም ክር ይዘሻል።»

ይታክቱ ሳታስበው መዳፎቿን ገልጣ አየች።